ከናፍጣው ሥር የተኛው ውኃ

ከታኅሣሥ ወር ጀምሮ የአሮጌዋ ጭነት መኪና የነዳጅ ጌጅ ቀስት ግማሽ ላይ ቆሟል። ምናሴ ታንከሩን ሲሞላው ግማሽ፣ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረውም ግማሽ ነው። ይህ ብዙ አላስጨነቀውም። ከጋቢናው ወንበር ጀርባ የሚያኖራት ቀጭን የወይራ ዘንግ አለችው፤ እሷን ወደ ታንከሩ ሰድዶ ሲያወጣት፣ የረጠበውን በስንዝሩ ለክቶ መኪናው የት ድረስ እንደሚያደርሰው ያውቃል። ሦስተኛው ማርሽ ከገባበት ተፈናጥሮ መውጣቱም አዲስ አልነበረም፤ ሃያ ዓመት የሞላው አመል ነው። ያስደነገጠው የሞተሩ ነገር ነው። ታኅሣሥ ላይ ከእንፍራንዝ ሲመለስ ወረታ ላይ ሁለት ጊዜ፣ ሐሙሲት ላይ አንድ ጊዜ ቀጥ አለበት፤ ከዚያም ወዲህ አልተሻለውም።

አሁን ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ከዚያ በፊት ከመሸንቲ እህል ጭኖ፣ ከእንፍራንዝ ወደ ጣና ዳር በሚወርደው ጥርጊያ መንገድ ጫፍ ላለው የእናቶች ገዳም ማድረስ አለበት። ይህን ጭነት ስምንት ዓመት ሙሉ፣ በዓመት ሦስት ጊዜ፣ ያለ ዋጋ አመላልሷል። ዘንድሮ ግን አዲስ መኪና የገዛ አንድ ነጋዴ እኔም በነጻ አደርሳለሁ ብሎ ለእመ ምኔቷ ቃል ገብቷል። እመ ምኔቷም፣ "መኪናህ ደክማለች ልጄ፤ መንገድ ላይ ከቀረች እህሉም አንተም ትጉላላላችሁ። የአሁኑን አይተን እንወስናለን" ብለው ለምናሴ ልከውለታል።

ምናሴ ከዚያ ደጅ መቅረት አይፈልግም። ሚስቱ እዚያ ናት።

አገርነሽ ትባል ነበር። ጉልበቷን ታማ ሁለት ክረምት ከተኛች በኋላ ወንዛዬ ፍል ውኃ ወርዳ በእግሯ ተመለሰች። በተኛችበት የተሳለችው ስለት ነበርና፣ ሁለቱ ልጆቻቸው ትዳር እንደ ያዙ ለመመንኰስ ፈቃዱን ጠየቀችው። ባል ካልፈቀደ አይሆንም። ምናሴ ሦስት ቀን ዝም አለ፤ በአራተኛው ቀን በነፍስ አባታቸው በቄስ ተክለ ጊዮርጊስ ፊት ፈቀደ። በዚያው ቀን ቃል አስገቡት፤ ዳግመኛ በቀድሞ ስሟ አይጠራትም፤ ከገዳሙም ደጅ ቆሞ አያስጠራትም። ቆብ ደፍታ ወለተ ሩፋኤል ተባለች። ከዚያ ወዲህ ፊቷን አላየም። ማታ ይደርሳል፤ ጠዋት ያስቀድሳል፤ እህሉን ያራግፋል፤ ከጫኚዎቹ ጋር በእንግዳ ቤት ይመገብና ይመለሳል። መነኮሳይያቱ በደቡብ በኩል ተከልለው ስለሚቆሙ፣ በዚያ ሁሉ ነጠላ መካከል የቷ እንደ ሆነች ለይቶ አያውቅም። አንድ ቅጥር ውስጥ አብሯት ማደሩን ግን እንደ ስንቅ ቆጥሮት እስከሚቀጥለው ጭነት ድረስ ይኖርበታል።

የሥርጉት ጋራዥ ከዓባይ ድልድይ ማዶ፣ በጎንደር መንገድ ላይ ነው። ሥርጉት ከቴክኒክ ኮሌጅ ተመርቃ፣ ዐሥር ዓመት በሰው ጋራዥ ከሠራች በኋላ የራሷን ከፍታለች። ሹፌሮቹ ሴት መካኒክ አናምንም ይሉና፣ ሌላው ሁሉ ያቃተውን መኪና ይዘው እሷው ዘንድ ይመጣሉ።

"ጋሼ ምናሴ፣ ይህችን መኪና ለሙዚየም አልሰጧትም እንዴ?" አለችው፣ ገና ከጋቢናው ሳይወርድ።

"አንቺን የሙዚየሙ ኃላፊ ሲያደርጉሽ እሰጣታለሁ።"

"እስቲ ምኗን ነው ያመማት?"

ምናሴ ከደረት ኪሱ ትንሽ ደብተር አወጣ። ልጅነቱን በአብነት ትምህርት ቤት ያሳለፈ ሰው ስለ ሆነ እጅ ጽሑፉ እንደ ብራና ጽሑፍ ቀጥ ያለ ነው። መኪናው የታመመበትን ቀን፣ ቦታውንና የተደረገለትን ሁሉ ይጽፍበታል። ጌጁን፣ ማርሹንና ሞተሩን በተራ አነበበላት።

"የሕመሙን ታሪክ ጽፎ የሚመጣ ደንበኛ ደስ ይለኛል" አለች ሥርጉት። "ሌሎቹ 'ዝም ብላ ትጮኻለች' ብለውኝ ይሄዳሉ። በሉ ከቀላሉ እንጀምር፤ ከጌጁ።"

ከታንከሩ ራስ ላይ ወደ ጌጁ የሚሄደውን ሽቦ ነቀለችና ጫፉን ከሻንሲው ብረት ጋር አነካካችው። ጋቢና ውስጥ የተቀመጠው ምናሴ ቀስቱ ከግማሽ ተነሥቶ እስከ ሙሉ ሲሮጥ አየ።

"ተንቀሳቀሰ?"

"ሞላ።"

"እንግዲያው ጌጁም ሽቦውም ጤነኞች ናቸው። ውሸታሙ ታንከሩ ውስጥ ነው ያለው።"

በታንከሩ አናት ያሉትን ትንንሽ ቡሎኖች ፈትታ፣ ከነዳጁ ጋር እየወጣ እየወረደ መጠኑን የሚያስታውቀውን ተንሳፋፊ ከነክንዱ ሳበችው። ክንዱ ከመታጠፊያው ላይ ዝጎ ደርቋል። ሥርጉት በጣቷ ገፋችው፤ አልተነቃነቀም። ወደ ብርሃን አውጥታ አገላበጠችው።

"ናፍጣ ብረት አያዝግም" አለች ቀስ ብላ። "በዘንግዎ ሲለኩ ጫፏ ላይ የተለየ ነገር አላዩም?"

"የምመለከተው እስከ የት እንደ ረጠበች ነው።"

"ጥፋቱ እሱ ነው። ዘንጊቱን ናፍጣም ያረጥባታል፤ ውኃም ያረጥባታል።"

ከታንከሩ ሆድ በታች ያለውን ቡሎን አላልታ የመጀመሪያውን ፈሳሽ አሮጌ ዘይት ወዳለበት በርሜል ደፋችው፤ የሚቀጥለውን ግን በብርጭቆ ማሰሮ ተቀበለች። ማሰሮውን የመሥሪያ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ሁለቱም ተመለከቱት። ጥቂት ቆይቶ ፈሳሹ ለሁለት ተከፈለ፤ ቢጫው ናፍጣ ከላይ፣ ጥርት ያለው ውኃ ከታች።

"ሞተሩን የሚያንቀው ይኸው ነው" አለች።

"ዝናብ ገብቶበት ይሆናል።"

"ከጥቅምት ወዲህ ባሕር ዳር ላይ ጠብታ አይተዋል? ከጀሪካን ነው እንዴ የሚገዙት?"

"እኔ?"

"አይቆጡ፤ መጠየቅ ሥራዬ ነው።"

"ሦስት ቀን ተሰልፌም ቢሆን ከማደያ በቀር ቀድቼ አላውቅም።"

"እንግዲያው የሚጨምርብዎ ሰው አለ። የሚቀናብዎ ሹፌር ይኖር ይሆን?"

"በዚህች መኪና?"

ሥርጉት ሣቀች፤ ደብተሩንም ተቀብላ ወደ ኋላ ገለጠችው። ውኃ ያዘለ ማጣሪያ የተለወጠባቸውን ቀኖች በጣቷ እየተከተለች ስታነብ ሣቋ ቀስ በቀስ ጠፋ። የካቲት፤ ግንቦት፤ ታኅሣሥ፤ እንደገና የካቲት። በየአንዳንዱ አጠገብ በዚያ ቀጥ ባለ ጽሕፈት "ከገዳም መልስ" የሚል ነበር።

"ጋሼ፣ ይህን ሁሉ የጻፉት እርስዎ ነዎት። አንድም ቀን መልሰው አላነበቡትም?"

ምናሴ ማሰሮውን አንሥቶ ወደ ፊቱ አቅርቦት ነበር። ከውኃው ሥር፣ ከማሰሮው ወለል ላይ፣ አመድ የመሰለ ደቃቅ ነገር ተኝቷል። ያውቀዋል። ገዳሙን የሚሳለሙ ሁሉ በወረቀት ቋጥረው ወደ ቤታቸው የሚወስዱት እምነት ነው።

"ጸበል ነው" አለ።

ሥርጉት እጇን ከጠረጴዛው አነሣች። "ይቅር ይበለኝ፤ ፊተኛውን ከተቃጠለ ዘይት ጋር ደፋሁት እኮ።"

ምናሴ አጠገቡ በነበረ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ። ብዙ ዓመት ያለፈው አንድ ጠዋት ትዝ አለው። አገርነሽ ሩቅ መንገድ በወጣ ቁጥር በአራቱም ማዕዘን እየዞረች ጎማዎቹን ጸበል ትረጭ ነበር። አንድ ቀን ሊያሥቃት ብሎ፣ "ጸበል በእግር አይጠጣም፤ የመኪና አፉ ታንከሩ ነው" አላት። አልሣቀችም ነበር። አንገቷን ነቀነቀች፤ እሱም ረሳው።

ስምንት ዓመት ሙሉ እንዳልተጠየቀ ሰው ሆኖ ሲመለስ ኖሯል። ለካ እሱ በእንግዳ ቤት ሲመገብ እሷ ወደ መኪናው ትመጣ ነበር። ያደረገችው መልካም ነገር ሞተሩን እየገደለው መሆኑን አሰበ፤ ግን ደስታው በለጠበት፤ በደስታውም አፈረ።

ያን ዕለት የሚስቱን ነገር ሁሉ ለሥርጉት ነገራት፤ በማግስቱም ካምቢዮውን፣ የማርሹን ቤት፣ ከፈቱት። ሥርጉት በመጀመሪያ ከማርሽ ዘንጉ ጋር የሚያያዙትን መገጣጠሚያዎች ፈተሸች፤ አልላሉም። ቀጥላ ማርሹን በቦታው የምታጸናውን ትንሽ የሽቦ ጥምጥም፣ ሞላዋን፣ አወጣች፤ ተሰብራለች። እዚያ ላይ ማቆም ትችል ነበር፤ ነገር ግን ሦስተኛውን የሚገፋውን ሹካ አውጥታ በጨርቅ ስትጠርገው አንድ ነገር አየች።

"ይህ ሹካ በአንድ ወገኑ ብቻ ነው የተበላው" አለች። "በእርጅና ከሆነ ሁለቱንም ፊት ይበላው ነበር። አንድ ሰው ዘንጉን ወደ ፊት ገፍቶ ይዞት ኖሯል። ያውም ለብዙ ዓመት።"

"ዐሥራ ሁለት ዓመት" አለ ምናሴ። "በሁለት እጇ።"

ሞላዋ የተሰበረችው በዚያው በእንፍራንዝ ቁልቁለት ላይ ነበር። ምትኳ በቶሎ አልተገኘም፤ ጭነቱም አይቆምም። አገርነሽ አጠገቡ ትቀመጥና፣ ቁልቁለት ሲደርሱ ማርሹ እንዳይወጣ ዘንጉን ትይዝለት ጀመር። እሱ መሪውን፣ እሷ ሦስተኛውን። ምትኳ በተገኘ ጊዜ እሱም አላነሣው፤ እሷም አላስታወሰችው።

"ስትመነኵስ እንኳ ማሠራት ነበረብዎ።"

"ሥራ ይበዛብኝ ነበር።"

"ስምንት ዓመት ሙሉ?" ሥርጉት ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያም ማርሹ እንዳይወጣ ምናሴ በጎማ ላስቲክ ያሰረውን የማርሽ ዘንግ አየች። "አሁንስ ልሥራው ወይስ እንዳለ ልግጠመው?"

ምናሴ ሹካውን ተቀብሎ በተበላው በኩል አውራ ጣቱን አሳለፈበት። ለስላሳ ነበር፤ የበዛ እጅ የነካው መስቀል እንደሚለሰልስ።

"ሥሪው" አለ። "እህሉ መድረስ አለበት።"

የውኃውን ነገር ግን ሥርጉት በቀላሉ አልለቀቀችውም። "አንዲት ቃል ናት ጋሼ። 'እማሆይ፣ ውኃው የናፍጣውን ፓምፕ ይሰብረዋል' ይበሏቸው። አንድ ቀን ቁልቁለቱ መሐል ሞተሩ ቢጠፋብዎ ፍሬኑ አብሮ ይደክማል።"

"ላስጠራት አልችልም። ቃል አለብኝ።"

"እኔ ሄጄ ልንገራቸው?"

"ተዪው።"

"እንግዲያው ክዳኑን በቁልፍ እንዝጋው።"

"አይቆለፍም" አለ ምናሴ፤ ድምፁ ከሚያውቀው ይልቅ ከፍ ብሎ ወጣ።

ሥርጉት ወደ ዕቃ ሳጥኗ ሄደች። ከዚያም ከታንከሩ ሆድ ሥር በጣት የምትከፈትና የምትዘጋ ትንሽ የነሐስ ቧንቧ ገጠመችለት። "ከገዳሙ ሲነሡ ሞተሩን ሳያስነሡ አንድ ሰዓት ያቁሟት። ውኃ ከናፍጣ ይከብዳል፤ ወደ ታች ይወርዳል። ከዚያ ይህችን ከፍተው ናፍጣ እስኪመጣ ያፍስሱ። እንደ ባለፈው ሳያፈስሱ ከተነሡ ግን እኔ ዘንድ አይምጡ።" የታንከሩ ክዳንም ላስቲኩ አልቆ አቧራ ያስገባ ስለ ነበር በአዲስ ለወጠችው፤ በሁለት እጇ አጥብቃ ዘጋችው።

ቅዳሜ ከመሸንቲ እህሉን ጭኖ ተነሣ። አብሮት የሄደው ክንዱ የሚባል የአምሳ ዓመት ጫኚ ነው፤ ወረታን እስኪያልፉ ድረስ ስለ ጤፍ ዋጋ ያወራና ከዚያ በኋላ ይተኛል። የነዳጁ ቀስት ከሙሉ ተነሥቶ፣ የፎገራን ሜዳ ሲያቋርጡ ከግማሽ በታች ወረደ። እንፍራንዝን አልፈው ወደ ሐይቁ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ምናሴ ሦስተኛ ማርሽ አስገባ። ዘንጉ ፀጥ ብሎ ቆመ። ቀኝ እጁን አነሣ፤ መልሶ አኖረው፤ እንደገና አነሣ። ምንም አልሆነም። በዚያ መንገድ ሁሉ እጁን የት እንደሚያኖረው አላወቀም።

ገዳሙ ሲደርሱ መሽቶ ነበር። የበሩ ጠባቂ፣ "እመ ምኔታችን የመኪናህን ድምፅ ሰምተው 'ድካሙ ተሽሎታል፤ የግንቦቱም ጭነት የምናሴ ይሁን' ብለዋል" አለው። ምናሴ አመሰገነ። አንድ ጭንቀት ወረደለት፤ ሌላው ግን እዚያው ነበር።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ እህሉ ተራገፈ። ለምሳ ሲጠሩ ምናሴ አልተነሣም።

"አትበላም እንዴ ጋሼ?" አለ ክንዱ።

"ሆዴ አልተመቸኝም። የእኔን ደርበህ ብላ።"

"እሱንስ ሳትለኝም አደርገዋለሁ።"

ምናሴ ወደ ጋቢናው ወጥቶ በሩን ዘጋ። የሚለውን ነገር በልቡ አዘጋጅቶ ነበር፤ ሥርጉት ያስተማረችውን አንድ ዓረፍተ ነገር። የሚያደርገው ከቃሉ ጋር እንደሚጣላ ያውቃል። አላስጠራትም፤ ደጇም ላይ አልቆመ። ነገር ግን ተደብቆ መጠበቅ ማስጠራት እንዳልሆነ ራሱን ሊያታልል አልቻለም። እንዲያም ሆኖ አልወረደም።

ብዙ አልቆየም። በጎን መስተዋቱ ውስጥ፣ ከውስጠኛው ቅጥር በር፣ ቢጫ የለበሰች አንዲት መነኩሲት ብቅ አለች። መቋሚያ ይዛለች። ከሚያስታውሳት በጣም አንሳለች። ወደ እንግዳ ቤቱ አየች፤ ማንም አልነበረም። ከነጠላዋ ሥር የፕላስቲክ ጠርሙስ አወጣች፤ አማተበች፤ የታንከሩን ክዳን ያዘች።

ክዳኑ እምቢ አላት። በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ሞከረች። ጠርሙሱን መሬት አኖረች፤ መቋሚያዋን ከጎማው አስደግፋ በሁለት እጇ ሞከረች። ጣቶቿ ከመገጣጠሚያቸው አብጠው ተጣምመዋል። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሦስተኛውን የያዙት እጆች ናቸው። አንድ ጊዜ ዐረፈች፤ መዳፏን ተመለከተች፤ ደግማ ያዘች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጠርሙሱን አነሣች፤ ልትመለስ ነው።

ምናሴ ዝም ቢል የፈለገው ሁሉ ይሆንለት ነበር። ፓምፑ ይድናል፤ ቃሉም ይጸናል። በሩን ከፍቶ ወረደ። ዐይኑን ከመሬት ሳያነሣ ዞሮ መጣ፤ ክዳኑን ይዞ በአንድ ትንፋሽ አላላው፤ ከፈተው፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ።

አልሸሸችም። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አለች።

"አሜን፤ እማሆይ።"

ውኃው ወደ ታንከሩ ሲወርድ ድምፁ ተሰማ።

"ክዳኑ አዲስ ነው።"

"አዲስ ነው። ባለ ጋራዧ ናት የለወጠችው።"

"እኔ እጄ የደከመ መስሎኝ ነበር።"

"አይደለም። እሱ ነው የጠበቀው።"

ጠርሙሱን እስከ መጨረሻው አዘነበለች። "ልጆቹ?"

"ደኅና ናቸው። ኪዲ ሁለተኛ ወልዳለች። ሴት ናት፤ ዜማ ብለናታል።"

ስሙን ያለ ድምፅ በከንፈሯ አለችው። ከዚያ፣ "ሦስተኛውስ? አሁንም ይወጣል?" አለች።

ምናሴ የእግሩን ጫፍ አየ። "ተሠራ።"

"መቼ?"

"ሐሙስ።"

"እንግዲህ ራሱ ይይዛል።"

"ራሱ ይይዛል።"

"ተመስገን" አለች። የጠርሙሱን አንገት በነጠላዋ ጠረገች፤ የደረቀውን ደግማ ጠረገችው። "ይህስ ይረዳታል? ጸበሉ?"

ያዘጋጀው ዓረፍተ ነገር አፉ ላይ ነበር። በኖሩበት ዘመን ሁሉ ዋሽቷት አያውቅም፤ አሁንም ሊዋሻት አልፈለገም። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። ቆቡ ግንባሯን ሸፍኖታል፤ ዐይኖቿ ግን እንዳሉ ናቸው።

"እስከ ዛሬ እዚህ አድርሶኛል" አለ።

አንገቷን ነቀነቀች። መቋሚያዋን አነሣች፤ ሁለት እርምጃ ሄዳ ፊቷን ሳትመልስ፣ "ለግንቦት እንዲህ አያጥብቁት" አለች። በውስጠኛው በር ገባች።

ክንዱ ጠግቦ ሲመጣ ምናሴ ከታንከሩ አጠገብ፣ እሷ ከቆመችበት ላይ፣ ተቀምጦ አገኘው።

"አንሄድም?"

"አንድ ሰዓት ትቆማለች። የመካኒክ ትእዛዝ ነው።"

"ለማንም አልታዘዝህ፤ ለመካኒክ ታዘዝህ" አለ ክንዱ፤ በጥላው ሥር ጋደም አለ።

ሰዓቱ ሲሞላ ምናሴ ጀሪካን ይዞ ከመኪናው ሥር ገባ። የነሐሷን ቧንቧ ከፈተ። ጥርት ያለ ውኃ ወረደ፤ ቀጭንና ዝምተኛ ነበር። እጁን ከሥሩ ዘርግቶ መዳፉ ላይ እንዲያልፍ አደረገው። ከጠበቀው በላይ ብዙ ነበር። ቢጫው ሲመጣ ዘጋው። ውኃውን ተሸክሞ እግር ወደማይረግጠው የቅጥሩ ጥግ ወሰደ፤ ከጽዱ ዛፍ ሥር አፈሰሰው።

ሲመለስ ክንዱ የታንከሩን ክዳን ይነካካ ነበር።

"ጋሼ፣ ይህ ላልቷል እኮ።"

"አውቃለሁ" አለ ምናሴ፤ ወደ ጋቢናው ወጣ።